ብርቅነሽ ያልዋጠችው ወሬ

ብርቅነሽ ቁጡ ሴት ናት። ይህን የሚክድ የለም፤ እሷም አትክደውም። ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ትገፋ በነበረ ጊዜ፣ አንድ ቀን ከአገር ቤት የመጡ እናት ልጃቸው በበረዶ ምክንያት መንገድ ላይ ተይዞ ዘግይቶባቸው፣ ሻንጣ መቀበያው አጠገብ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። አለቃዋ ሺፍትሽ አልቋል፣ እዚሁ ተያቸውና ሂጂ አላት። ብርቅነሽ የመታወቂያ ካርዷን ከአንገቷ አውልቃ እጁ ላይ አኖረችና ከእናትየዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ልጃቸው መጥቶ እስኪያቅፋቸው ድረስ አልተነሳችም። ወደዚያ ሥራም ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም።

ምግብ ቤቷን የከፈተችው ከዚያ በኋላ ነው። አውሮራ ውስጥ ከሃቫና ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ፕላዛ፣ በላውንድሪና በጥፍር ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ቤት ናት። በሩ ላይ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ስም ሌላ ነው፤ ሰው ግን «ብርቅነሽ ቤት» ብሎ ነው የሚጠራት። ባሏ፣ ልጃቸው ሶሲ ገና ዳዴ ስትል፣ ለሥራ ብሎ ሌላ ስቴት ሄዶ በዚያው ቀርቷል። ብርቅነሽ ልጇንም ቤቷንም ብቻዋን አቆመች። ቁጣዋም ሳይረዳት አልቀረም። ሥጋ አቅራቢው የማይሆን ሥጋ ሲያመጣ፣ የሰከረ ሰው ሲያስቸግር ድምፅዋ ከኩሽና ወጥቶ ላውንድሪው ድረስ ይሰማል። ነገሩ ካለፈ ግን አለፈ ነው፤ የሰደበችውን ሰው በማግስቱ ጠቅለል ጠቅለል እያደረገች ታጎርሰዋለች።

አብራት የምትሠራው አበዛሽ የሷ ተቃራኒ ናት። ድምፅዋ አይሰማም። ጠዋት ጠዋት እንግልውድ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም አዛውንቶች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች፤ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይዛ መጥታ ከብርቅነሽ ጋር ትሠራለች። የምትኖረው የአንድ አበሻ ቤተሰብ ቤዝመንት ውስጥ ተከራይታ ነው።

ኮሮና ገብቶ ምግብ ቤቶች ሰው እንዳያስቀምጡ ሲታዘዝ የሁዳዴ ጾም ተይዞ ነበር። ብርቅነሽ ወንበሮቿን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠች፤ አንዱን ጠረጴዛ በሩ ላይ አግድማ በዚያ በኩል ምግብ ማቀበል ጀመረች። ከበሽታው ይልቅ ያናደዳት ሣጥኑ ነበር። በያይነቱን የሚያክል ነገር፣ ሰፊ ትሪ ላይ እየተንጣለለ ሲቀርብ የኖረ፣ አራት ማዕዘን የስታይሮፎም ሣጥን ውስጥ ተጨምቆ ሽሮው ጎመኑ ላይ ይወጣል፣ ቀይ ሥሩ ሁሉን ያቀላዋል፣ እንጀራው በእንፋሎቱ ርሶ ሊጥ ይሆናል። እንጀራውን ለብቻ፣ ወጡን በየስኒው እየለየች አሰናዳች። እንዲህም ሆኖ ክዳን በገጠመች ቁጥር አንድ ነገር ታጉረመርም ነበር።

የሚበሉላት በአብዛኛው የአየር ማረፊያ ሾፌሮች ነበሩ። አውሮፕላኑ ባዶውን ይበራል፣ ታክሲ የሚጠራ የለም። ቤት ደግሞ ሚስት በአንዱ ክፍል ስብሰባ ላይ ናት፣ ልጆች በሌላው ክፍል ትምህርት ላይ ናቸው፤ አባት ኮሽ ባደረገ ቁጥር ዝም በል፣ ከካሜራው ዞር በል ይባላል። ስለዚህ ወደ ምሳ ሰዓት አንድ በአንድ እየመጡ ፕላዛው ፓርኪንግ ውስጥ አንዳንድ ቦታ እየዘለሉ ፓርክ ያደርጋሉ። ምግባቸውን ተቀብለው ወደ መኪናቸው ይመለሳሉ፣ ስልካቸውን ኮንፈረንስ ኮል ላይ ያደርጉና እየበሉ ይጨዋወታሉ። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ አንዱ የተናገረው ቀልድ መጀመሪያ በነፋስ፣ ቀጥሎ በስልክ፣ ሁለት ጊዜ ይሰማል። እንዳልክ የሚባለው፣ ታክሲ ከመንዳቱ በፊት አናጢ የነበረው፣ መሪ ላይ የሚገጠም ጣውላ ሠርቶ ለየጓደኞቹ አደለ፤ ወጥ ሱሪ ላይ መፍሰሱ በዚያ ቀረ። አለምሰገድ የሚባለው ደግሞ ኮሉን የሚያሞቀው እሱ ነው። አሮጌ ቫኑን ሁልጊዜ ከበሩ ትይዩ ያቆምና ብርቅነሽን ይነካካታል። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ የፌጦና የነጭ ሽንኩርት ሐኪም ሆኖ ነበር፤ አለምሰገድም በየቀኑ ፌጦ በሎሚ ካልሰጠሽኝ ብሎ ይጠይቃታል። እሷም ፌጦ ኮሮናን ቢገድል ኖሮ እኔ ሆስፒታል እከፍት ነበር እያለች በትልቅ ብርጭቆ ትሰጠዋለች።

የፋሲካ ሳምንት አቶ ጳውሎስ ደወሉ። አቶ ጳውሎስ ስማቸው የከበረ ሰው ናቸው። ሊትልተን ይኖራሉ፤ የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ አበሻው ሁሉ የገባበትን የቴሌግራም ግሩፕ የሚያስተዳድሩትም እሳቸው ናቸው። በሽታው ከገባ ጀምሮ ማታ ማታ ቮይስ ይልካሉ፦ ወገኖቼ ቤታችሁ ሁኑ፣ አትሰብሰቡ፣ በዓሉ ሌላ ዓመትም አለ። ያን ቀን ለብርቅነሽ ሰላሳ ሰው የሚያጠግብ ዶሮ ወጥ እንድትሠራላቸው አዘዙ። በየቤታቸው ብቻቸውን ለሚውሉ አዛውንቶች ዞሬ አድላለሁ አሏት።

ብርቅነሽ ማንም ሳይጠይቃት ሦስት ድፎ ዳቦ ጨመረችበት። ከአበዛሽ ጋር ሽንኩርቱን ሲያቁላሉ፣ ዶሮውን በሎሚ ሲያጥቡ፣ ብልቱን ሲያወጡ ሰነበቱ። አበዛሽ ማስኳን ከፊቷ አላወረደችም፤ በርበሬው ሲያስነጥሳት እንኳ ወደ ውጭ ወጥታ ነው የምታስነጥሰው። ጥርስ ለሌላቸው የሚሆን ብላ ብርቅነሽ ለስላሳ ለስላሳውን ብልት በአንድ ትሪ ለየችና በላዩ ላይ ምልክት አደረገች።

የበዓሉ ዕለት ምግቡን ሊትልተን ያደረሰው እንዳልክ ነው። ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። ምን ሆንክ ስትለው፣ እዚያ ሰፈር መንገዱ ግራና ቀኝ በመኪና ተሞልቷል፣ ከቤቱ ጀርባ ድንኳን ተተክሏል፣ ዘፈን አለ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ትሪ ከቦ ይጠብቅ ነበር አላት። የአለምሰገድን ቫንም እዚያው አይቷታል። ብርቅነሽ ለስላሳውን ትሪ አሰበችና ደሟ ፈላ። ግን ፋሲካ ነው፤ ሰው ተጨንቆ የከረመበት ጊዜ ነው። አንድ ሁለት ክፉ ቃል ድስቱ ውስጥ ተናገረችና ተወችው።

ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት ውስጥ አለምሰገድ ፓርኪንጉ ላይ አልታየም። በኮንፈረንስ ኮሉ ገብቶ ጉንፋን ይዞኛል አለ፤ ድምፁ ደክሞ ነበር። ቀጥሎ ሆስፒታል ገባ ተባለ። ቀጥሎ ሞተ ተባለ። መቃብሩ አጠገብ እንዲቆሙ የተፈቀደላቸው ጥቂት ዘመዶች ብቻ ነበሩ፤ የቀረው ሰው መኪናውን በመቃብሩ ዙሪያ አቁሞ ከሩቅ ቀበረው። ሾፌሮቹ ያን ቀን ስልካቸውን አላገናኙም። መስኮታቸውን ዘግተው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አለቀሱ።

ሰው ከየት ያዘው ማለት ጀመረ። ጥያቄው በቴሌግራሙ ላይ እየበዛ፣ እየጠነከረ መጣ። ይሄኔ ነው የአቶ ጳውሎስ ቮይስ የተላከው።

ለብርቅነሽ ያሰማቻት ሶሲ ናት። ኮሌጇ ተዘግቶ ቤት ነበረች። ኩሽና ድረስ መጥታ፣ «ማሚ፣ ቁጭ በዪ። ይሄን ከኔ ብትሰሚው ይሻላል፣ ኦኬ?» አለችና ስልኩን ከፈተችው።

«ወገኖቼ፣ ጳውሎስ ነኝ። እኔንም አሞኛል፣ ጸልዩልኝ። ወንድማችንን አለምሰገድን ያጣነው እንዲሁ አይደለም። ከብርቅነሽ ቤት ምግብ የወሰዳችሁ ራሳችሁን ጠብቁ። እዚያ ኩሽና ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፤ ጠዋት የምትውለው ነርሲንግ ሆም ነው። ከዚያ እያመጣች ነው እዚህ የምታከፋፍለው።» በየመካከሉ ይስሉ ነበር።

ብርቅነሽ መጀመሪያ የሰማችው አልገባትም። እንደገና አጫውቺው አለች። ሲገባት እጇ ላይ ያለውን ጭልፋ ከግድግዳው ጋር አላተመችው፤ ቀይ ወጥ እስከ ጣሪያው ተረጨ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተናድዳ ድምፅ አልወጣትም።

ትዕዛዙ በዚያው ቀን ቀዘቀዘ። ያዘዙት ሰዎች እየደወሉ ሰረዙ፤ አብዛኞቹ ደግሞ መደወልም አላስፈለጋቸውም፣ ዝም ብለው ቀሩ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ገበያ ውስጥ ሲያዩዋት ጋሪያቸውን ወደ ሌላ መደዳ አዞሩ። ሾፌሮቹም ፓርኪንጉን ለቀቁ። ላውንድሪው ውስጥ ልብስ የሚያጥቡት ሜክሲኮዎችና ቴሌግራሙ ውስጥ የሌሉ ጥቂት ጴንጤዎች ባይኖሩ እሳቱን የምትለኩስበት ምክንያት አልነበራትም። እንዳልክ ብቻ መጣ፤ እሱም መኪናውን እወዲያ ዳር፣ ከላውንድሪው ጥግ ነው ያቆመው። ብርቅነሽ ይህንንም አየች።

በሦስተኛው ቀን አበዛሽ ሁለት ሻንጣ እየጎተተች ከአውቶቡስ ወረደች። አንድ ሰው ነርሲንግ ሆሙ ድረስ ደውሎ ስሟን ሰጥቷል። በየሳምንቱ የሚመረምሯት እነሱው ናቸው፣ ሁልጊዜም ነፃ ነው የምትባለው፤ ቢሆንም እስክንጠራሽ አትምጪ ብለው ከስኬጁል አወጧት። ቤት ስትመለስ ደግሞ ዕቃዋ ታስሮ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል። አከራይዋ ከመስኮት ሆና ልጆች አሉኝ፣ አትቀየሚኝ አለቻት።

አበዛሽ ይህን ሁሉ የተናገረችው ቀስ እያለች፣ ብርቅነሽ ስትወተውታት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር ያለችው፦ «ዕቃዬን ለጊዜው ጥግ ላስቀምጠው?» ሽርጧን አሰረችና ነጭ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ማን እንደሚበላው ሳታውቅ ትልጥ ነበር።

ብርቅነሽን ያቃጠላት ያ ነው። በሷ ላይ የተነገረውን ምናልባት ጮሃ፣ ተሳድባ ትወጣው ነበር። የአበዛሽ ዝምታ ግን ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ሻንጣዎቹን አንስታ መኪናዋ ውስጥ ጫነቻቸውና ከዛሬ ጀምሮ ቤትሽ የኔ ቤት ነው አለቻት። ከዚያ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወደ ሊትልተን ነዳች።

አውራ ጎዳናው ባዶ ነበር። መንገድ ላይ የምትለውን አዘጋጀች፦ እርስዎ አልልህም፣ አንተ ነው የምልህ። ያን ሁሉ ሕዝብ በድንኳን ሰብስበህ፣ ለጥርስ የለሽ እናቶች ያልኩትን ሥጋ አብልተህ፣ ሰው አስገድለህ በአንዲት ምስኪን ታላክካለህ? ቃሉን እየደጋገመች አሳመረችው። በሩን በጡጫ ደበደበችው። በሩ አልተከፈተም። በደወሉ ካሜራ በኩል የአቶ ጳውሎስ ሚስት፣ ወይዘሮ ሳራ፣ በተሰበረ ድምፅ መለሱላት።

«ብርቅነሽ፣ ዛሬ ጠዋት አምቡላንስ ወሰደው። መተንፈስ አቃተው። እኔም አብሬው እንድሄድ አልፈቀዱልኝም።»

ያዘጋጀችው ሁሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ለታመመ ሰው ሚስት፣ ያውም ለካሜራ፣ ምን ይባላል? እግዚአብሔር ይማርልዎ ብላ ተመለሰች። መኪና ውስጥ ገብታ ከሰፈሩ እንደወጣች ዳር ይዛ ቆመችና መሪውን በሁለት እጇ ትደበድብ ጀመር። ለሳቸው አዝና አልነበረም። ንዴቷን ይዛ የምትሄድበት ስላጣች ነው።

ቤት ስትደርስ ሶሲ መላ አዘጋጅታ ጠበቀቻት። እንዳልክ የፋሲካ ዕለት ያነሳው ፎቶ ነበረው፤ ምግቡን ማድረሱን ለማሳየት የጓሮው በር ላይ ያለውን ትሪ ሲያነሳ፣ ከበስተኋላው ድንኳኑም ሰዉም ገብቶበታል። ሶሲ ግሩፑ ላይ ልልቀቀው አለች።

«ማሚ፣ ጀስት ፖስት ኢት። እነሱ አበዛሽን እንደዚህ አድርገዋት እኛ ለምን ዝም እንላለን? ኢትስ ኖት ፌር።»

«ሰውየው መተንፈስ አቅቶት ሆስፒታል ተኝቷል። አሁን ብለጥፈው ሊሞት ያለ ሰው ሰደበች ነው የምባለው። ደግሞ ፎቶ አልፈልግም። በአፉ ነው የተናገረው፣ በአፉ ይመልሰው።»

«ኢፍ ሂ ዳይስ? ቢሞትስ?»

ብርቅነሽም ይህንን ነው የፈራችው። ግሩፑ ላይ ሰው ሁሉ ለአቶ ጳውሎስ ጸሎት ይይዛል፤ መዝሙር ይላካል፤ አባታችንን መልስልን ይባላል። እሷም ጸለየች። የጸለየችው ግን ሌላው እንደጸለየው አልነበረም። ድስቷን እያማሰለች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እግዚአብሔር ሆይ እንዳትወስደው፣ ገና አልጨረስኩም ትል ነበር። አበዛሽ ሰምታ አማተበች፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ያን ሰሞን የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንዳልክንም አልማረችውም። በዓይንህ ያየህ ሰው ለምን አፍህን ዘጋህ፣ ጭራሽ መኪናህን እንደ ለምጻም ከኔ ርቀህ ታቆማለህ ብላ ጮኸችበት። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ የሟች ስም ይነሳል ብዬ ፈራሁ፣ የአለምሰገድ ሚስት በዚህ ላይ ይህን እንድትሰማ አልፈለግኩም አለ። ብርቅነሽ ይህም ገባት፤ ግን አላበረዳትም። በማግስቱ እንዳልክ መኪናውን አምጥቶ ከበሩ ትይዩ አቆመ።

አቶ ጳውሎስ ግንቦት ጠብቶ ብዙ ሳይቆይ ከሆስፒታል ወጡ። ወይዘሮ ሳራ ራሳቸው ደወሉ። ምንም አይቀምስም፣ ውኃ እንኳ መራራ ሆኖበታል፣ አንቺ የምትሠሪውን የዶሮ ሾርባ ነው የሚያነሳው፤ እንዴት ብዬ እጠይቅሻለሁ ብዬ ሁለት ቀን ስልኩን ይዤ ዋልኩ አሏት። ብርቅነሽ የድስቱን እሳት ቀነሰች። ከዚያ ሾርባውን እልካለሁ፣ ለታመመ ሰው እህል አልከለክልም፤ ግን እግራቸው መቆም ሲችል ራሳቸው እዚህ ድረስ ይምጡ አለች። ወይዘሮ ሳራ ለምን ብለው አልጠየቁም።

ሾርባውን በአንድ ቀን ልዩነት በእንዳልክ እጅ ትልክ ነበር። ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቅቤውን አላሳነሰችም። ስታማስለው ግን የምትለውን ቃል እዚህ መድገም አይቻልም። ሶሲ እንዲህ ተረግሞ የተሠራ ሾርባ ሰው ያድናል ወይ ብላ ጠየቀቻት። አዳናቸው።

የመጡ ቀን ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ምግብ ቤቶች ከወንበራቸው ግማሹን መክፈት ተፈቅዶላቸዋል፤ ሾፌሮቹም ወሬው ሲሰለቻቸው፣ ከሁሉም በላይ ሲርባቸው፣ አንድ በአንድ ተመልሰው ነበር፤ ግን አሁንም መኪናቸው ውስጥ ነው የሚበሉት። የአለምሰገድ ቦታ ላይ ማንም አያቆምም። ወይዘሮ ሳራ እየነዱ መጡና አቶ ጳውሎስ በከዘራ ተደግፈው ወረዱ። ኮታቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ትከሻው ወድቋል። ብርቅነሽ ስታያቸው ወንበር ልታወጣላቸው ቃጣት። ወደ ውስጥ ዞር ብላ አበዛሽ የምታጥበውን ድስት አየችና እንደገና ጠነከረች።

አቶ ጳውሎስ በሩ ላይ ካለው ጠረጴዛ ደርሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሏት።

አንተ ልትላቸው አስባ ነበር፤ አፏ ግን እምቢ አለ። የለመደው እርስዎ ነው የወጣው፤ ሲወጣ ደግሞ ከስድቡ ይልቅ ከበደ።

«እርስዎ በጆሮዬ አይደለም የተናገሩት። ለአገር ነው የተናገሩት። አሁንም ለአገር ይንገሩ።»

እንዳልክን ጠራችው። ኮንፈረንስ ኮሉ ላይ ሾፌሮቹ በሙሉ ነበሩ። እንዳልክ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ሶሲ በጎን ግሩፑን ከፍታ ለቮይሱ ተዘጋጀች። በየመኪናው ውስጥ ማላመጡ ቆመ። አቶ ጳውሎስ ወደ ሚስታቸው አዩ። ወይዘሮ ሳራ ፊታቸውን አላዞሩም፤ ተናገር አሉ በዓይናቸው።

«ወገኖቼ» ብለው ጀመሩ። «በዚያ ሰሞን ታምሜ፣ አእምሮዬም ተረብሾ ስለነበር፣ ስለዚህ ቤት የተናገርኩት ስህተት ነበር።»

«ስህተት አልነበረም፣ አቶ ጳውሎስ» አለች ብርቅነሽ። «ስህተት ሰው ሳያውቅ የሚያደርገው ነው። ዶሮውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስንት ሰው እንደበላውና የት እንደበላው ያውቃሉ።»

ሽማግሌው ከዘራቸው ላይ ጎበጡ። ከዚያ ያለ «ወገኖቼ»፣ ያለ ማሳመር ተናገሩት፦ የፋሲካ ዕለት ቤቴ ሰው ሰበሰብኩ። አለምሰገድን አልመጣም ሲል ደጋግሜ የጠራሁት እኔ ነኝ። ከኛ መካከል አንዱ በሽታው ነበረው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አለምሰገድ ሲሞት የልጆቹን ዓይን ማየት ፈራሁ። ሰው ከየት ነው ሲል ከኔ ቤት የሚል መልስ አፌ ላይ አልመጣ አለ። ከዚህ ምግብ ቤት ማንም አልታመመም። ዋሸሁ።

ከመኪናዎቹ አንዱ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ሌላው የመኪናውን በር ከፍቶ ወርዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ብርቅነሽ ግን አልጨረሰችም።

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ስሟ ማን ነው?»

አቶ ጳውሎስ አያውቁትም። ከሥራ ያስወጧትን፣ ከቤት ያስወጧትን፣ በሦስት ከተማ ያስወሯትን ሰው ስሟን አያውቁትም። ስንት ዓመት ምግባቸውን አቅርባላቸዋለች፣ እጃቸውን አስታጥባቸዋለች። ብርቅነሽ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አበዛሽ እጇ አረፋ እንደሆነ ከኩሽና ወጣች። ማስኳን ከፍ አድርጋ አስተካክላ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመች።

«አበዛሽ እባላለሁ» አለች። ድምፅዋ ከወትሮው አልጨመረም። «ነርሲንግ ሆም የምሠራው እኔ ነኝ። እዚያም ማንም በኔ ምክንያት አልታመመም።»

አቶ ጳውሎስ ስሟን ጠርተው እንደገና ተናገሩት። ሶሲ ቮይሱን ለቀቀችው። ወይዘሮ ሳራ ባላቸውን ደግፈው መኪና ውስጥ አስገቡ፤ ብርቅነሽም የዕለቱን ሾርባ በእጇ ወስዳ በመስኮት ሰጠቻቸው። ምንም ቃል አልጨመረችም።

ከዚያ በኋላ ስልኩ መጥራት ጀመረ። ጋሪያቸውን ያዞሩባት ሰዎች ምንም እንዳልተፈጠረ እየሳቁ፣ ናፈቅሽን እያሉ መጡ። ይሄ ደግሞ ባሰባት። ምግባቸውን እየቋጠረች ትሰጣቸዋለች፣ ማጉረስ ግን ተወች። አከራይዋ ለአበዛሽ ደውላ ክፍልሽ ባዶ ነው አለች፤ ስልኩን የተቀበለችው ብርቅነሽ ስለነበረች ያ ወሬ ረጅም አልሆነም። ሽማግሌዎችም መጡ። ሰውየው ተጸጽቷል፣ ሕዝብ ፊት ራሱን አዋርዷል፣ አሁንማ ከልብሽ ተዪለት አሏት። ብርቅነሽ ጠብ የለኝም፣ ሲመጡ አበላለሁ፣ ሲታመሙ እጠይቃለሁ፤ ልቤን ግን በቀጠሮ አላዝዘውም ብላ አሰናበተቻቸው። ድሮ ተናዳ በማግስቱ የምትረሳዋ ሴት ይህን አልረሳችም። አለምሰገድ ሞቷል። እሱ ተነስቶ ፌጦ እስካልጠየቃት ድረስ የሚረሳ ነገር የለም።

በነሐሴ መጨረሻ ነርሲንግ ሆሙ አበዛሽን ጠራት። አበዛሽ እሺ አለች። ብርቅነሽ ስትሰማ ኩሽናው ተናወጠ። እንደ ውሻ ያባረሩሽ ቦታ ምን ቀረሽ፣ ከኔ ጋር መሥራት ምን ጎደለው እያለች ሁለት ቀን ጮኸች። አበዛሽ አስጨረሰቻት። ከዚያ፣ እዚያ ያሉት አዛውንቶች አላባረሩኝም፤ አንዷ እናት ከኔ እጅ ካልሆነ አይበሉም ነበር፣ ኖረው እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ አለቻት።

ብርቅነሽ ጠዋት ተነስታ እንግልውድ ድረስ ራሷ ነድታ ወሰደቻት፤ ከመቆጣቷ የተነሳ መታጠፊያውን አልፋው ተመለሰች። አበዛሽ ወርዳ በሩ ሲከፈትላትና ወደ ውስጥ ስትገባ እያየች፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ምግብ ቤቱ ሽንኩርት የሚያራግፈው መኪና ሳይቀድማት ወደ አውሮራ ተመለሰች።